ሳይነጋ ወገግ ያለው ሰማይ

ባለፈው እሑድ ልጄ ከአዲስ አበባ ቢቸና መጥታ ስልኳን ወደ ዓይኔ አስጠጋችልኝ። ሳተላይት ከላይ ሆኖ በሌሊት ያነሳው የምድር ፎቶ ነው። በጨለማው ዳር ላይ እንደ ጥለት የቀጠነ አረንጓዴ ብርሃን ተዘርግቷል።

«ከላይ ያለው አየር ራሱ ነው የሚያበራው፣ እማ» አለችኝ። «ቀን ፀሐይ የመታችው አየር ሌሊት ቀስ እያለ ብርሃን ይሰጣል። ሥራዬ እሱን ማጥናት ነው።»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት። እኔም ልጅ ሳለሁ በጨለማ ሰማይ ላይ ብርሃን አይቻለሁ ብል ማንም አላመነኝም ነበር።

ያኔ ሞጣ አክስቴ ዘንድ ነበርሁ። ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ተወልውሏል፤ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ጧት ቢቸና እናቴ ጋ ልንሄድ ነው። አውቶቡሱ አንድ ብቻ ስለሆነ ያመልጠናል ብዬ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስጋት ከልጅነቴም አብሮኝ ነበር። በር ከፍቼ ብወጣ ጨረቃ የለችም፤ ግን ከጣራዎቹ በላይ ሰማዩ ወገግ ብሏል።

«እትዬ፣ ይነሡ፣ ነጋ» ብዬ አክስቴን ቀሰቀስሁ።

እትዬ የዳቦውን ቋጠሮ አንጠልጥለው ተከተሉኝ። መነኸሪያው ጭር ብሏል። ዘበኛው ከጋቢያቸው ውስጥ አንገታቸውን አወጡና «ምነው፣ አውቶቡሱን ልትቀሰቅሱት መጣችሁ?» አሉ።

«ወገግ ብሏል ብላኝ እኮ ነው።»

«አውራ ዶሮዬ ሞቶብኛል፤ ይችን ልጅ ይተዉልኝ።»

እትዬ ሳቁ። «ፈርተሽ ነው እንጂ ምንም አላየሽም» አሉኝ። አይቻለሁ ብዬ አለቀስሁ። ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፤ ጨው ጨው አለኝ። ነግቶ ስንሳፈር ዘበኛው አወሩት፤ ደብረ ወርቅ እስክንደርስ ተሳፋሪው «አውራ ዶሮዋ» እያለ ሳቀብኝ፤ ስሙም ቢቸና ድረስ ተከትሎኝ ገባ። ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ነገር ሌላ ሰው እስኪያይልኝ ድረስ አልናገርም ነበር።

ይህን ለልጄ ነገርኋትና «እንግዲህ ያየሁት እሱን ነው በይኝ» አልኋት።

ደመና ነበር ወይ፣ በየት በኩል ነበር፣ እያለች ጠየቀችኝ።

«ሊሆን ይችላል፣ እማ። በዓይን ሲያዩት ቀለም የለውም፣ ፈዛዛ ነው፤ መብራት በሌለበት አገር ግን የሚያዩት አሉ። እሱ ነው ብዬ ግን አልምልልሽም።»

«እኔ አይቻለሁ።»

«ማየትሽንማ አምኛለሁ። ምን እንደሆነ ነው የማላውቀው።»

ትንሽ ቅር አለኝ። ማታ ለመልስ መንገዷ ምሳ ዕቃዋን ስቋጥርላት ግን ሳላስበው ፈገግ አልሁ። ስለ መንገዱ እሰጋለሁ፤ ስለ ብርዱ፣ ብቻዋን ስለማደሯም እሰጋለሁ። ስለ ሥራዋ ግን አልሰጋም። ለእናቷ ስትል እንኳ የማታውቀውን አውቃለሁ አላለችም።