መሐላው ያላገደው ዘፈን

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ልጃቸውን ውድነሽን ወደ አዲስ አበባ የላኳት አስምለው ነው። ከመስቀል በኋላ ወጣቶች በሚሰባሰቡበት በአዳብና ጭፈራ፣ የውድነሽ ድምፅ ገና በልጅነቷ ከማዶ ይለይ ነበር። የመርካቶ ነጋዴ አጎቷ «ሥራ ላስገባት፣ አብራኝ ትሂድ» ብሎ ሲጠይቅ፣ ለአባት ከሁሉ አስቀድሞ የታያቸው መጠጥ ቤት ነው። በዘፈን እንጀራ መብላት በእርሳቸው ዘንድ የጨዋ ልጅ ሥራ አልነበረም። ስለዚህ በሽማግሌዎች ፊት እርጥብ ሣር አስይዘው፣ «ከአባቴ ደጅ ውጭ በጉራግኛም ሆነ በአማርኛ አልዘፍንም» አሰኟት። ሁለቱን ቋንቋዎች ብቻ መጥራታቸው ከቸልተኝነት የመጣ አይደለም፤ ለመዝፈኛ የሚሆን ሌላ ቋንቋ ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም ነበር። ሰው የሚከለክለው የሚያውቀውን ነው።

አጎቷ በሩሲያ ሆስፒታል በሚሠራ በአንድ ሐኪም ቤት ሞግዚትነት አስቀጠራት። በዚያ ዘመን ሕዝቡ ሩሲያን መስኮብ፣ ቋንቋዋንም መስኮብኛ ይል ነበር። የሐኪሙ ሚስት ልጇን እያስተኛች ትዘፍናለች፤ ከሰዓት በኋላም ሸክላ ታጫውታለች። ጉሮሮዋ በመሐላ የታሰረባት ውድነሽ ልብስ እየተኮሰች ዜማውን መከተል ጀመረች። ሴትዮዋ ቃሉን አቃናችላት፤ ትርጉሙንም በጥቂት በጥቂቱ አስረዳቻት። የሐኪሙ የሥራ ዘመን አልቆ ቤተሰቡ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ውድነሽ መስኮብኛን እንደ ውሃ ጠጥታው ነበር።

አዲሱ መንገድ ቡታጅራ በደረሰ ሰሞን፣ ወይዘሮ አሰገደች የሚባሉ ሴት በከተማዋ ሆቴል ከፍተው ሥራ ያጣችውን ውድነሽን በአስተናጋጅነት ቀጠሯት። አንድ ቀን ብርጭቆ እያጠበች በመስኮብኛ ስትዘፍን ሰሟትና ከጓዳ ወደ አዳራሽ አወጧት። ቀን ልብስ የሚሰፋው ሳኒ ማታ በአኮርዲዮን አጀባት። እርሷ ትከሻ አትሰብቅም፤ ለእንግዳም ግጥም አታወርድም። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ዓይኗን ከበሩ ጉበን ላይ ተክላ ትዘፍናለች።

«ይህ ዘፈን ነው ወይስ ዳዊት?» አለ አንድ ሾፌር።

«ዳዊት ቢሆን አንተ እዚህ ትቀመጥ ነበር?» አለው ጓደኛው።

ወይዘሮ አሰገደች ከመደርደሪያው በኩል፣ «ዝም ብላችሁ ስሙ። የሚገባችሁን ዘፈንማ ስትሰሙ ኖራችኋል፤ ምን ረባችሁ?» አሏቸው።

ሾፌሮች ስሟን እስከ ወልቂጤ አደረሱት፤ እዚያም ተጠርታ ዘፈነች። «መስኮቧ» የሚል ቅጽል ወጣላት። ሳኒ ግን ከመለመን አልቦዘነም። «ወላሂ እኅቴ፣ አንዲት ጊዜ በአገራችን ቋንቋ ብታወርጂው ይህ ቤት በጭብጨባ ይፈርሳል።»

«የሚፈርሰው የአባቴ ቤት ነው» አለችው።

ወሬው መንደር ሳይደርስ አልቀረም። መስቀል ሲቃረብ አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ «ይህ ነገር በሽማግሌ ሳይታይ ደጄን እንዳትረግጪ» ብለው ላኩባት። ጉራጌ የትም ይሠራ፣ የትም ይነግድ፣ በመስቀል ከአባቱ ቤት ከጎደለ ከሕያዋን እንደ ጎደለ ይቈጠራል። ውድነሽ ይህን ስለምታውቅ በዋዜማው መጥታ፣ ከአባቷ ደጅ ፊት ለፊት በተዘረጋው መስክ ላይ በሽማግሌዎቹ መካከል ቆመች። ሴቶቹም የጎመኑን ክትፎ እያሰናዱ ከዳር ሆነው ያዳምጡ ነበር።

«መሐላዬን አፈረሰች» አሉ አባት። «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው።»

የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አቶ ገብረወልድ ወደ ልጅቱ ዞሩ። «በምን ቋንቋ ዘፈንሽ?»

«በመስኮብኛ።»

«በጉራግኛስ?»

«አንድም ቀን።»

«በአማርኛ?»

«ልብስ ሳጥብ እንኳ አላንጎራጎርኩም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «እንግዲህ ሀብተጊዮርጊስ» አሉ አቶ ገብረወልድ፣ «ሁለቱን በር ዘግተህ በሦስተኛው ወጣች ብለህ ነው የምትከሳት?»

«ቃሌን ጠበቀች፤ አሳቤን ግን ረገጠች። ልጅ የአባቷን ልብ አታውቅም?»

ውድነሽ አቀረቀረች። «አውቄዋለሁ አባዬ። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም።»

አቶ ገብረወልድ ወደ መስኩ አመለከቱ። «አሁን ያለሽው በአባትሽ ደጅ ነው፤ መሐላው እዚህ አያግድሽም። እስቲ የአዳብናውን ዜማ አውርጂልን።»

ሴቶቹ ሊቀበሏት ሥራቸውን ትተው ተጠጉ። ውድነሽ የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣች፤ ተቀበሏት። ሁለተኛው ላይ ዜማው አመለጣት። እንደ ገና ጀመረች፤ እንደ ገና እዚያው ቆመች። የተቀባዮቹ እጅ ለጭብጨባ እንደ ተዘረጋ ቀረ። ገና በልጅነቷ መንደሩን ሁሉ ታስከትል የነበረችው አውጪ፣ በገዛ ሜዳዋ ግጥም ጠፋት።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ የመጡት ባለመታዘዟ ሊከሷት ነበር፤ ያዩት ግን ምን ያህል እንደ ታዘዘች ነው። ልጃቸውን ከመጠጥ ቤት ሊጠብቁ ያሰሩት ገመድ ከመጠጥ ቤት አልጠበቃትም፤ ያሰረባት በልጅነቷ ታወጣው የነበረውን ዜማ ነው። ጥበቃና እስራት የሚለዩት በአሳቢው ልብ ሳይሆን በታሳሪው አንገት ላይ ነው።

ጎንበስ ብለው ሣር ነጩና በመዳፏ ላይ አኖሩት። «ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ፈታሁት። ሽማግሌዎች ስሙልኝ።»

በማግሥቱ ሠንጋው ታርዶ ቤተሰቡ በተሰበሰበ ጊዜ፣ አባት ቢላዋቸውን እንደ ያዙ ጠየቋት። «ያ መስኮብኛሽ ለመሆኑ ምን ይላል?»

«ወንዝ ሞልቶበት ማዶ ስለ ቀረ ሰው ነው። እናቱ ራቱ እንዳይቀዘቅዝ ከድና ትጠብቀዋለች።»

«የእኛም ወንዝ ክረምት ላይ አያሻግርም። ይህን በቋንቋችን ማለት ምን ይከብዳል?»

«አይከብድም አባዬ። እኔ ግን የምወደው በዚያው ነው።»

«ወደ ሆቴሉ ትመለሻለሽ ማለት ነው።»

«እመለሳለሁ። ዘንድሮ ግን በአዳብናው ከተቀባዮቹ ጋር ቆሜ የጠፋኝን እማራለሁ።»

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ደስ አላላቸውም። ሊከለክሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ የትናንቱ ቃላቸው ግን ከሽማግሌዎቹ ጆሮ ገና አልወጣም ነበርና መልሰው ዘጉት።

«በይ ቅረቢ» አሉና ከሥጋው ቆረጡላት።