የሁለት ገመድ ሂሳብ

የልጅ ልጆቼ «የወረታውን እስር ንገሪን» ብለው ከያዙኝ ሰነበቱ። እኔ ላውራ፣ ትልቋ ትጻፍ።

ወታደሮች ልጄን ፈልገው ሲያጡት እኔን ወሰዱኝ። «የት ገባ?» ይሉኛል፤ የት እንደገባ ባውቅ እኔም በተከተልሁት። የገባሁበት ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ አንዲት ጠባብ መስኮት አለችው። በሷ ሲያዩ የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበት፣ ሩዙ ለምልሞ ይታያል። ላሞቼን ማን ያልባቸው ይሆን እያልሁ እዚያው እቆማለሁ።

አምስት ሴቶች ነበርን። ለአራታችን ከቤት ስንቅ ይመጣል። አምስተኛዋ መነጽር ያደረገች የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ አገሯ ሩቅ፣ ጠያቂ የላት። ብይ ስንላት «ጠግቤያለሁ» ትላለች። ሦስት ቀን እንዲሁ። በሰው ስንቅ ላይ እጇን መዘርጋት ሞት ሆነባት። ከንፈሯ ደርቆ ሳይ ጠጋ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«አንቺ ልጅ» አልኋት፣ «አንድ ነገር ቸግሮኛል። ሁለት ገመድ አለኝ፤ አንዱ አስራ ስምንት ክንድ፣ አንዱ ሠላሳ። ሁለቱንም እኩል እኩል ቆርጬ የጥጃ ማሰሪያ ላደርገው ነው። ቁራጭ እንዳይተርፈኝ፣ ማሰሪያውም እስከተቻለ እንዲረዝም፣ ስንት ስንት ክንድ ልቁረጠው?»

ቀና አለች። «አስራ ስምንትን ያለ ትርፍ የሚያካፍሉት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ ራሱም አስራ ስምንት ናቸው። ከነዚህ ሠላሳንም የሚያካፍለው ትልቁ ስድስት ነው። ስድስት ስድስት ክንድ ይቁረጡት፣ እማማ።»

«እኛስ እንዲህ ነው የምናደርገው» ብዬ ከነጠላዬ ጫፍ ሁለት ክር መዘዝሁ፤ አጭሩ ለአስራ ስምንቱ ገመድ፣ ረጅሙ ለሠላሳው ምሳሌ። አጭሩን በረጅሙ ላይ አስተኛሁት፤ አስራ ሁለት ተረፈ። አስራ ሁለቱን በአስራ ስምንቱ ላይ፤ ስድስት ተረፈ። ስድስቱ አስራ ሁለቱን ሁለቴ ለካና ምንም አልተረፈ።

ዓይኗ ፈጠጠ። «ይኸን አላውቀውም ነበር! እስቲ እንደገና ያሳዩኝ።»

«አሳይሻለሁ። ግን አንቺም አስተምረሽኛል። በኛ አገር የኔታን የሚያበላው ተማሪው ነው።» ዳቦ ቆርሼ ዘረጋሁላት።

«የኔታ በቀሚስ!» ብላ አንዷ ከጥግ ሳቀች። ልጅቱም ሳቀች። ተቀብላ በላች።

ከዚያ ወዲያ ስንቁን አብራን ትቆርሳለች፣ በየቀኑም ታስተምረናለች። በመስኮቷ ተራ ስንጨቃጨቅ፣ አምስት ሰው በስንት ዓይነት ተራ መሰለፍ እንደሚችል አሰላችልን፤ አምስት በአራት፣ በሦስት፣ በሁለት ሲባዛ መቶ ሃያ። በየቀኑ አንዱን እንሞክር ብትል «አንቺ ሟርተኛ! መቶ ሃያ ቀን እዚህ ልታከርሚን ነው?» አልናት።

አስረኛው ላይ ሳንደርስ ጠርተው ወሰዷት። ወታደሩ ቆሞ እየጠበቃት ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። «ተማሪዎ ነኝ» አለችኝ።

እኔም ተፈታሁ፤ ልጄም ኋላ በደኅና ገባ። የሷን ግን እንጃ። ወደ ይፋግ ገበያ ስወርድ መነጽር ያደረገች ሴት ባየሁ ቁጥር ፊቷን ዞሬ አያለሁ።

አምና ትልቋ የልጅ ልጄ መጽሐፏን ይዛ መጥታ ያንኑ በነጠላዬ ክር ያሳየሁትን የገመድ ስሌት አነበበችልኝ። ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው አለችኝ፤ የሂሳብ አስተማሪ ሆኖ የማያውቀው የለም።

ለካ ያች ልጅ ታውቀው ኖሯል።