አባባ ይማም የከፈቱት ጉድጓድ

ደሴ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው የምማረው። በቀደም ለከሚሴዋ ጓደኛችን ከቤተሰቦቿ የማሽላ ዱቄት ተላከላትና የማዳበሪያውን አፍ ስትፈታው ክፍሉን ሽታ ሞላው። ሌላዋ አፍንጫዋን ይዛ «ኧረ ይሄ ነገር ተበላሽቷል፣ ድፊው!» ብላ መስኮት ከፈተች። አልተበላሸም። የጉድጓድ እህል ነው። ማሽላ መሬት ውስጥ ሲከርም እንደዚያ ይሸታል፤ እርጥብ አፈር አፈር፣ ትንሽ እበት፣ ትንሽ ደግሞ ኮምጠጥ ያለ ነገር። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። «ምነው ሐዋ?» አሉኝ። አያቴ መጡብኝ።

አባባ ይማም የእናቴ አባት ናቸው። ቤታችን ከመርሳ ወረድ ብሎ ወደ ቆላው ነው። እናቴ ጡት ባስጣለችኝ ማግሥት ለሥራ ዓረብ አገር ሄደች፤ ሴት አያቴ ደግሞ ከዚያ በፊት ሞታለች። ስለዚህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ጸጉሬን ለመሠራት ጎረቤት ይልኩኛል እንጂ ማጠቡንም፣ ማጉረሱንም፣ ትምህርት ቤት ማድረሱንም ለማንም አልሰጡም። ቀጭን፣ ረዥም፣ ድምፃቸው ከመሬት የማይነሣ ሰው ነበሩ፤ መስጊድ ውስጥ እንኳ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው «ይማም፣ ምን አልክ?» እያለ ነው የሚያወራቸው። አንዲት የማሽላ ፍሬ መሬት ወድቃ ካዩ ወገባቸው እያመማቸው ጎንበስ ብለው ያነሷታል። እኔ ታዲያ አፌ አያርፍም፤ «አባባ፣ የዶሮዋን ድርሻ ነጠቋት እኮ!» እላቸዋለሁ።

«ዶሮዋ ሰባ ሰባትን አታውቀውም» ይሉኛል።

የሰባ ሰባቱ ረሃብ ሁለት ልጆች ወስዶባቸዋል፤ የእናቴን ታላላቆች፤ ሁለቱም ወንዶች። እናቴ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የማውቀው ይችን ብቻ ነበር። ከዚህ በላይ ልጠይቅ ካልኩ ሙስበሐቸውን አንሥተው መቁጠሪያውን እየቆጠሩ ዚክር ይጀምራሉ፤ እኔም ነገሩን እተወዋለሁ።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ከመሬት በቀር የሚያምኑት ነገር አልነበረም። ጎተራ ይቃጠላል፣ ጆንያ ይሰረቃል ይላሉ። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሆነ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ግድግዳውን በጭቃና በእበት ይለስኑታል፣ እሳት አንድደው ያደርቁታል፣ ገለባ ያነጥፉበታል፣ ማሽላውን ሞልተው አፉን በድንጋይና በጭቃ ይደፍኑታል። በእኛ አገር ባለቤቱ ጉድጓዱ የት እንደሆነ አይናገርም። አባት ሊሞት ሲል ለወንድ ልጁ ያሳየዋል፣ በቃ። እኔ የማውቀው ከጓሯችን ያለውን አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም ባዶውን ነበር።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሰማነው ከወልድያ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ነው። የጎረቤት ሰው ፍራሽና ድስት ተሸክሞ በአስፋልቱ ወደ ሐይቅ ነጎደ። እኛም እንሂድ ብላቸው «እኔ አንዴ ከቤቴ ወጥቼ አይቸዋለሁ» አሉኝና ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች። ኔትወርክ ሊጠፋ ቀናት ሲቀሩት እናቴ ደውላ እያለቀሰች «አባዬ፣ አደራ ሐዋን! ሌላ የለኝም» ስትላቸው ሰምቻለሁ። «እኔ እያለሁ! አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሏት። ስልኩን መልሰውልኝ በጓሮ በኩል ወጡ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ ስለ ልጃገረዶች የሆነ ነገር ያወራሉ፣ እኔ ስጠጋ ዝም ይላሉ። ልጅ መስያቸው! ገብቶኝ ነበር። አባባም ገብቷቸዋል፤ የጓሮውን ጉድጓድ ከፍተው ማናፈስ ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት የበራ ኩራዝ በገመድ ወደ ውስጥ ያወርዳሉ። መብራቱ ከጠፋ አየሩ ሰው ይገድላል፤ ካልጠፋ ደህና ነው። እኔ ሞኟ «ለአይጥ መብራት ማስገባትዎ ነው?» እያልኩ እስቅባቸው ነበር። አይስቁም።

ኅዳር ላይ፣ ማሽላው ታጭዶ ተወቅቶ አገዳው በየጓሮው ሲከመር፣ ተዋጊዎቹ በየቤቱ እህል መሰብሰብ ጀመሩ። ያን ቀን ፀሐይ ገና ሞቅ ማለቷ ነው። የትምህርት ቤት ቀሚሴን አጥቤ ገመድ ላይ አሰጣሁና አመድ ልደፋ ወጣሁ። ከታች ያሉት ውሾች አንድ ላይ ጮኹ፤ አንድ ጥይት ተተኮሰና ጸጥ አሉ። አባባ ከበረት በሩጫ መጡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። ክንዴን ይዘው በጓሮ በኩል ጎተቱኝ።

«አልገባም!» አልኩ ጉድጓዱን ሳየው። «መቃብር ነው! ወንዙን ተሻግሬ ልሂድ!»

«ከወንዙ ማዶም እነሱው ናቸው። ግቢ፣ ሐዋዬ።»

«ወላሂ አልገባም! ታፍኜ ልሙት?»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው «እግርሽ ላይ ልውደቅ?» አሉኝ። ያ ረቢ! አያት ለልጅ ልጁ እንዲህ ይላል? እጆቼን አነሣሁላቸው። የእርሻውን ጠፍር ብብቴ ሥር አስረው አወረዱኝ።

«እኔ እስክከፍትልሽ ድምፅሽ እንዳይሰማ» አሉኝ ከላይ። «ብስቅም፣ ብጮህም፣ ቢመቱኝም። እንቅልፍ እንቅልፍ ካለሽ እንዳትቀመጭ፤ ቁሚና አፍሽን ወደ ላይ አድርጊ።» ድንጋዩን ትንሽ ክፍተት ትተው ገፉት፤ በላዩ ላይ አገዳ ሲቆልሉ ሰማሁ፤ ከዚያ ጨለመ።

ያ ሽታ እዚያ ነው ከአፍንጫዬ የገባው። ግድግዳው እጄ ላይ ይቀዘቅዛል፤ የቀረ ማሽላ ባዶ እግሬን ይኮሰኩሰኛል። ብዙም ሳይቆይ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ከዚያም የአባባን ድምፅ። በነቢ፣ ያ ድምፅ የእሳቸው ነው? «እንኳን ደህና መጣችሁ! ግቡ፣ ጥላው ሥር አረፍ በሉ!» እያሉ ይጮኻሉ፣ ይስቃሉ። በዚያች ደቂቃ ጠላኋቸው። ኋላ ነው የገባኝ፤ የሚጮኹት እኔ እንድሰማቸው፣ በሕይወት መኖራቸውን እንዳውቅ ነበር።

«አባት፣ እህል የት ነው?» አለ አንዱ። አለቃቸው መሆን አለበት፤ ሲናገር ሌሎቹ ዝም ይላሉ።

«ቤቱ ውስጥ ያለውን እዩት። እሱው ነው።»

ዕቃ ሲገለበጥ፣ ጋን ሲሰበር ሰማሁ።

«ይቺ ብቻ? ቤተሰብስ?»

«ሚስቴ ሞታለች። ልጄ ዓረብ አገር ናት። ብቻዬን ነኝ።»

«ገመዱ ላይ ያለው ቀሚስ የማን ነው?»

ቀሚሴ! በገዛ እጄ!

«የልጅ ልጄ ነው» አሉ አባባ። «ከሰው ጋር ወደ ሐይቅ ሸሽታለች።»

አንድ ኮቴ ወደ ገመዱ ሄደ። ከዚያ አለቃው ቀስ ብሎ «ገና ውኃው እየተንጠባጠበ ነው እኮ፣ አባት» አለ።

የጥፊውን ድምፅ ሰማሁት። ሻሼን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ነከስኩ። «ፈልጉ!» የሚል ትእዛዝ መጣ፤ እግሮች ተበተኑ፤ ሁለቱ ወደ ጓሮ መጡ። ራሴ ላይ አገዳው ይንኮሻኮሽ ጀመር፤ አንዱ እስር ተነሣ፣ ሌላው ተከተለ፤ በድንጋዩ ክፍተት ቀጭን ብርሃን ገብቶ እግሬ ሥር ወደቀ። አፈር ዓይኔ ውስጥ ረገፈ። አላህን የለመንኩት አትውሰደኝ ብዬ አልነበረም፤ አሁኑኑ ውሰደኝ ብዬ ነው።

«እህል አይደለም የፈለጋችሁት?» አሉ አባባ። አይጮኹም፤ ያ የድሮው ድምፃቸው ተመልሷል። «አለኝ። የዓመት እህል አለኝ። እኔ ካላሳየኋችሁ ዕድሜ ልካችሁን ብትቆፍሩ አታገኙትም። ከታች ደግሞ ሌሎች ጓዶቻችሁ እየመጡ ነው፤ ሳይቀድሟችሁ አሁን ኑ።»

«ብትዋሽስ?»

«ያኔ ግደለኝ።»

አገዳው መንኮሻኮሹን ተወ። አህያችን ሲነዳ ሰማሁ፤ ኮቴውም እየራቀ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የከፋው። የት ያለ እህል? ባዶ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጥኩት እኔው ነኝ፤ ሌላ እንዳለን አላውቅም። ዋሽተው ወሰዷቸው፤ ሲያጡ ይገድሏቸዋል አልኩ። እሳቸው ከሞቱ እኔ እዚህ መኖሬን ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም። ከሩቅ ጥይት ተተኮሰ። አለቀ አልኩ። ራሴ ይወቅረኛል፤ እንቅልፍ እንደ ዕዳ ይጫነኛል፤ እየወደቅኩ እየተነሣሁ አፌን ወደ ክፍተቱ አንጋጠጥኩ። ልጩህ? ዘበኛ ትተው ቢሆንስ? ልጩህ አልኩ፤ ደግሞ ተውኩት፤ ደግሞ ልጩህ አልኩ። እንዲህ ስል ድንጋዩ ተንሸራተተና የአባባ ፊት ታየኝ። ከንፈራቸው አብጧል፤ ጺማቸው ላይ ደም ደርቋል።

«ሐዋ? አለሽ?» አሉኝ። «አለሽ ወይ?»

ጎትተው ካወጡኝ በኋላ አገዳው ላይ ተዘረሩ። ሲያስቆፍሯቸው ስለዋሉ እጃቸውን ሊያነሡ አልቻሉም፤ እኔ ነኝ ውኃ ያጠጣኋቸው። የሰማሁትን ጥይት የተኮሱት እህሉን ሲያዩ በደስታ ነው አሉኝ።

በማግሥቱ ማሳው ድረስ ወሰዱኝ። ዘወትር በሬያቸውን የሚያስሩበት ቦታ አፉን ከፍቶ ቆሟል። እበት የሚጠራቀምበት፣ «አባባ፣ ሌላ ቦታ የለም እንዴ?» እያልኩ የምነጫነጭበት ቦታ! የዓመት ቀለባችን ከዚያ ሥር ነበር። እስከ ገለባው ጠርገውት፣ በእኛው አህያ ጭነውት ሄደዋል። አበድኩ። «ምን ልንበላ ነው? ለምን አሳዩዋቸው? ለምን?» ብዬ ጮኽኩባቸው። ከሞት ያወጡኝን ሰው! የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆድ ምኑን ያመዛዝናል?

ጎንበስ ብለው የተበተነውን ፍሬ መልቀም ጀመሩ። «እህል እንደሁ ይዘራል» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «አንቺን የትኛው ማሳ ላይ ልዘራሽ ነው?»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ክፉ ነበሩ። ያልበሰለ ፓፓያ ቀቅለን በጨው በላን። እኔ ስበላ እሳቸው «ጾም ላይ ነኝ» ይላሉ። «ረመዳን እኮ አይደለም!» ስላቸው «ካለፈ ረመዳን ያልከፈልኩት ቀዷ አለብኝ» ይሉኛል። የስንት ዓመት ቀዷ ነው የሚያልቅ ያጣው! ተጣልተን ተጣልተን ነው ከሳህኔ የሚቀምሱት። ተዋጊዎቹ ከአካባቢያችን ሲወጡ መርሳ ላይ የእርዳታ ስንዴ መታደል ጀመረ፤ ሰው ሁሉ ሄደ፤ እሳቸው ግን አልሄድም አሉ። ሰልፉ እንደሚያስፈራቸው ያኔ አላወቅኩም።

አባባ ባለፈው ክረምት አረፉ። መሬቱን ዘመድ ያርሰዋል፤ በሬውም ተሸጧል። ለቀስተኛው ምን እንደተዉልኝ ሲጠይቀኝ «መሬት» አልኩት። በልቤ የነበረው ግን ለስንዴው መርሳ የሄድንበት ያ ጠዋት ነው።

ያኔ አልሄድም ሲሉ ከርመው በመጨረሻ ረሃቤን ማየት አቅቷቸው ተነሡ። «አንቺም ትመጫለሽ፤ ካላንቺ አልሄድም» አሉኝ። መንገድ ላይ ወንዙ ዳር አረፍ አልንና ሳልጠይቃቸው ተናገሩ። «በሰባ ሰባት ወልድያ መጠለያ ሁለቱን ልጆች ከእናታቸው ጋር ዛፍ ሥር ትቻቸው ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊው ስንት ናችሁ አለኝ። አራት ነን አልኩት። የአራት ሰው ስንዴ ተሸክሜ ስመለስ ሁለት ነበርን።» ሙስበሐቸውን አላነሡም። ተነሥተን ሄድን።

ሰልፉ ረዥም ነበር። ደክሞኝ ጥላ ሥር ልቀመጥ ብል እጄን ጨብጠው ከለከሉኝ። ፀሐይ አናታችንን ስትጠብሰው ውላ ተራችን ደረሰ። የሚመዘግበው ልጅ ቀና ሳይል «አባት፣ ቤተሰብ ስንት ናችሁ?» አላቸው።

አባባ ቶሎ አልመለሱም። ዞር ብለው አዩኝ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ቀስ ብለው።

«ሁለት ነን» አሉ። «ሁለታችንም አለን።»

ስንዴውን በአንድ ትከሻቸው ተሸከሙ። ላግዝዎት ብላቸው እምቢ አሉ፤ ቤታችን እስክንደርስ በሌላው እጃቸው እኔን ይዘው ነበር።