የፍየሏ ጠፍር

የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጄ አነስ ትናንት ረፋዱ ላይ እርጥብ ጠፍር ትከሻው ላይ ጥሎ ደጃፌ ሲቆም፣ ከፊቱ በፊት የደረሰኝ ሽታው ነው፤ ጨውና አመድ የበላ የእርጥብ ቆዳ ሽታ። ይህን ሽታ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሸሸው ኖሬያለሁ፤ ጊደር መጋላ ገበያ ስወርድ እንኳ ቆዳ ያለበትን ትቼ በቅመማ ቅመሙ በኩል ነው የምዞረው። «እማዬ፣ የሐኪም ጋራው ከበሮ አዲስ ቆዳ ሊለብስ ነው» አለኝ ፊቱ እያበራ። «ወጣቶቹ ከየቤቱ አንድ አንድ ጠፍር ሲሰበስቡ የእናንተ ቤት ብቻ ጎድሏል አሉኝ። ነገ በቤታችን ስም አስረዋለሁ።» የያዝኩት ሰፌድ ከነምስሩ ወደቀ። ልጁ የተሸከመውን አያውቅም። እዚያ ከበሮ ላይ በቤት ስም የሚታሰረው ለሞተ ወንድ ልጅ ነው፤ በእኔ ቤት ያለው ወንድ ልጅ ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

እኔ ከሦስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ፤ ይህን ግን ከማንም የተማረ ሰው አስበልጬ አውቀዋለሁ። መንግሥት በተለወጠበት ዓመት አሥር ቢሞላኝ ነው፤ ሐኪም ጋራ ሥር እንኖር ነበር። ከሰፈራችን ለውትድርና የተወሰዱት ሰባት ልጆች ነበሩ፣ አንዱ ወንድሜ በክሪ። ጦሩ ተበትኖ የሌላ ሰፈር ልጆች አንድ ሁለት እያሉ ሲገቡ የእኛዎቹ ቀሩ። ሬሳ የለ፣ መርዶ ነጋሪ የለ፤ የተሸነፈ ጦር ሟቾች ስለሆኑ ጮክ ብሎ ማልቀሱም ያስፈራ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዓመት ጠበቁና መቃብር ባይኖራቸው ድምፅ ይኑራቸው ብለው ዚክሪ፣ የአላህ ውዳሴ፣ ለሚባልበት ቤት አንድ ትልቅ ከበሮ አሠሩላቸው፤ ግንዱ ዋንዛ፣ ቆዳውን የሚወጥሩት ሰባቱ ጠፍሮች ግን እያንዳንዱ ሟች ያደገበት ቤት ካረደው ከብት መሆን ነበረባቸው። ሌላው በሬ አረደ፣ ላም አረደ። እኛ የነበረችን ዕድሜዋን በሙሉ የሰው ጫት ስትሰርቅ የኖረች አንዲት ፍየል ነበረች፤ ጠፍሯን እናቴ ስታቀርብ ከበሮ ሠሪው «ይሄ ጠፍር ነው ወይስ የጫማ ክር?» ብሎ ሐዘንተኛውን ሁሉ አሳቀው። ቀጭን በመሆኑ ግን ስድስቱን ወፋፍራሞች አንድ ላይ የሚቆልፈው የመጨረሻ ቋጠሮ በእሱ ታሰረ።

ሐሙስ ከሰዓት ዚክሪው ሳይጀመር ከበሮው ሰባት ጊዜ ብቻ ይመታ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዴ። ድምፁ መሬት ለመሬት ሄዶ በእግር ጣቴ ይገባና ሆዴ ውስጥ ይቀመጣል። ከሰባቱ የአንዱ፣ የሰዒድ እናት አዴ ሞሚና አራተኛዋ ምት ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ይሉ ነበር፤ ልጃቸው ያኔ ብቻ ወደ ቤት የሚገባ ይመስል። እኔና ሴት ልጃቸው ፈቲያ ከኋላቸው ተቀምጠን ፀጉር እንሠራራለን።

ከዕለታት በአንዱ ሐሙስ በጫት ማሳው መሃል አንድ ቅማላም፣ አጥንቱ የወጣ ሰው በዱላ እየተደገፈ መጣ። በክሪ ነበር። እናቴ ልጇን አላቀፈችም። ወደ ጓዳ ሮጣ የሽንኩርት ቢላዋዋን ይዛ ወጣችና ሰዉን እየገፋች ዚክሪው ቤት ገባች፤ በሕይወት ያለን ሰው ስሙ የታሰረበት ጠፍር ወደ ሟቾቹ ይስበዋል ይባል ነበርና የፍየሏን ቋጠሮ ቆረጠችው። ስድስቱ ጠፍሮች እየተንሸራተቱ ሲላሉ አየሁ። መቺው ደንግጦ ቢመታው እንደ ባዶ ጀሪካን አለ። አዴ ሞሚና የጮኹት ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። «የአንቺው መጣ፤ የእኔን ለምን ሁለቴ ገደልሽው!»

መልሰው ቢያስሩትም የድሮው ድምፅ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ለእኛ እሾህ ሆነ። ቦኖ ስንሄድ ጀሪካናችንን ከወረፋ አውጥተው ወደ ቦዩ ያንከባልሉታል፤ «ከመቃብር የመጣው እኅት መጣች፣ አፍንጫችሁን ያዙ!» ይላሉ። ፈቲያ ግማሽ የሠራችልኝን ፀጉር እንደተወችው ቀረች፤ ዛሬ ነገ ትጨርስልኛለች እያልኩ ሳምንት ሙሉ በግማሽ ሹሩባ ስዞር ሰዉ ይስቅብኝ ነበር። በመጨረሻ ጀጎል ግንብ ውስጥ ቤት ተከራይተን ወጣን፤ በክሪም ድሬዳዋ ገባ፣ ዛሬ የአምስት ልጆች አባት ነው።

ትናንት እንግዲህ ልጄን «ከቤት ንቅንቅ እንዳትል» ብዬ ጠፍሩን በፌስታል ቋጥሬ ወደ ሐኪም ጋራ ወጣሁ። ለወጣቶቹ ብናገር ይስቁብኛል፤ ያስሩታልም። በከበሮው የሚያዙት አዴ ሞሚና ናቸው፤ እሳቸው ከከለከሉ ማንም አያስረውም። ዓይናቸው ፈዟል፤ አሮጌዎቹን ጠፍሮች በጣታቸው እየዳበሱ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ማነሽ?»

«የሩቅያ ልጅ ነኝ፣ አዴ።»

ጣታቸው ቆመ። «የቆራጯ ልጅ! ደግሞ ቆዳ ቆዳ ትሸቻለሽ። እኔ በሕይወት እያለሁ የእናንተ ቤት ጠፍር ይህን ከበሮ አይነካውም! ስሞትም ተናዝዤ ነው የምሞተው!»

«ወላሂ በሉ፣ አዴ።»

«ወላሂ! ወላሂ! ውጪልኝ!»

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል በዱላቸው ትከሻዬን አሉኝ። ስድብ እንደዚያ የጣመኝ ቀን የለም። ቁልቁለቱን ስወርድ ግን ከኋላዬ ከበሮውን ሞከሩት፣ እንደ ባዶ ጀሪካን አለ፤ ያን ጊዜ በእግሬ ጣት ይገባ የነበረውን ድምፅ፣ የአዴ ሞሚናን ፈገግታና የፈቲያን ጣቶች አስቤ መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ወንድሜ የተመለሰው በዚህ ሁሉ ዋጋ ነው፤ ዛሬም ቢላዋው እኔ እጅ ቢሆን እቆርጠዋለሁ።

ቤት ስደርስ አነስ ምስሩን ከመሬት እየለቀመ ነበር። ጠፍሩን ጓሮ ወስጄ የአሁኗን ፍየላችንን አሰርኩበት፤ እሷም ወዲያው ታኝከው ጀመር። በሩን ዘጋሁ። ልጄ ቤት ነው፣ ደህና ነው፤ እኔም አልፈራም፣ አልሐምዱ ሊላህ።