የቀበርነው ዱቄት

አማቴ ከጋዝጊብላ ሰቆጣ ወዳለው ቤታችን የሚመጡት በዓመት ሁለት ጊዜ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሦስተኛ ጊዜ መጡ። የማርያም ማኅበር ተራዬ ደርሶ ስለነበር፣ «ምራቴ በሸመታ እህል ማኅበር አታበላም» ብለው ከገዛ ማሳቸው የገባውን ጤፍና ገብስ በሁለት አህያ ጭነው፣ ከገበያተኛ ጋር ሲጓዙ ውለው ደጄ ላይ አራገፉ።

ያኔ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴ ሥራው ኒሯቅ ስለሆነ በወር አንድ ጊዜ ብቅ ይላል። ቤት ውስጥ የምንኖረው እኔና የሦስት ዓመት ልጄ ብቻ ነን። አማቴ ሲመጡ ግን ልጄ የእኔ መሆኗ ይቀራል። ከእርሳቸው ጋር ትተኛለች፣ ከእርሳቸው እጅ ትበላለች፤ በኽምጣና ሲያጫውቷት እኔ ዳር ሆኜ አዳምጣለሁ። የመጣሁት ከደሴ በኩል ነውና ቋንቋውን ጥቂት እሰማለሁ እንጂ አልናገረውም።

እህሉን ሦስት ቀን ሙሉ ለቀሙት። እኔ አጎንብሼ ወገቤን ሲያመኝ እርሳቸው ቀና እንኳ አይሉም። ጤፉን ከጥቂት ገብስ ጋር ቀላቅለን ወፍጮ ቤት አስፈጨነው። የተረፈው ገብስ በማዳበሪያ እንዳለ ማድቤት ቆየ። ዱቄት ከወፍጮ ሲወጣ ትኩስ ስለሆነ ካልተናፈሰ ይበላሻል፤ ስለዚህ በዋናው ክፍል ሰሌን ዘርግተን፣ በላዩ ንጹሕ አንሶላ አንጥፈን፣ ዱቄቱን አሰጣነው። ማኅበሩ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

በዚያ ሰሞን ቀበሌው አሮጌውን አምፖል እየተቀበለ አዲሱን ጥምዝምዝ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ያድል ነበር። እኔም ተሰልፌ ወስጃለሁ። የቤታችን መስኮት ጠባብ ስለነበረ ቀንም መብራት እናበራለን፤ አዲሱ አምፖል ነጭና ደማቅ ብርሃን ስለሰጠን ደስ ብሎን ነበር። ካርቶኑ ላይ «ኤች ጂ» የሚል ምልክት አይቻለሁ። የባዜቃ፣ የሜርኩሪ ማለት ነው፣ ምልክት እንደሆነ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ። አይቼ አለፍኩት።

ማክሰኞ ጠዋት መብራቱ ይርገበገብ ጀመር። የእኔ ፈረቃ ከሰዓት ነው፤ ከመሄዴ በፊት ላስተካክለው ብዬ ከዱቄቱ ዳር በርጩማ አስጠጋሁና ተንጠራራሁ። ማጥፊያውን አላጠፋሁም። እንዲቀዘቅዝም አልጠበቅሁም። መያዝ የነበረብኝ ከሥሩ ያለውን ነጭ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ቸኩዬ በነጠላዬ ጫፍ ጥምዝምዙን ብርጭቆ ጨብጬ ላጠብቀው አዞርኩት። «ቀጭ» አለ። ብርጭቆው እጄ ውስጥ ደቀቀ።

ስባሪው ዱቄቱ ላይ ረገፈ። ከብርጭቆው ውስጥ የወጣው ነጭ ብናኝም አብሮ ወረደ። ከጤፉ ዱቄት ለመለየት ብሞክርም ዓይኔ አልቻለም፤ ዱቄት በዱቄት ላይ ነው የወደቀው።

«ውጡ!» ብዬ ጮኽኩ። በአማቴ ላይ ድምፄን ከፍ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። ማጥፊያውን ዘጋሁ፣ ልጄን ከጎናቸው ነጥቄ ወደ ግቢው ሮጥኩ፤ እርሳቸውም ደንግጠው ተከተሉኝ። በሩንና መስኮቱን በረገድኩና ነፋስ እንዲገባ ለብዙ ጊዜ ማንንም አላስጠጋሁም። ልጄ ታለቅሳለች።  አማቴ ወደ ማድቤት ገቡና ወንፊት ይዘው ተመለሱ።

«ብርጭቆ አይደል እንዴ? ምን ያስጮህሻል?» አሉኝ። «በወንፊት ይወጣል።»

«ትልልቁ ይወጣል፣ እማማ። ድቃቂው ግን ከወንፊቱ ቀዳዳ ያነሰ ነው። ደግሞ ብርጭቆ ብቻ አይደለም፤ አምፖሉ ውስጥ ባዜቃ አለ። መርዝ ነው።»

«የታለ?»

ምን ላሳያቸው? 

«የማይታይ ነገር ፈርተሽ ነው የሚታየውን እህል የምትጥዪው?» አሉ።

ኮሌጅ ሳለሁ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ልጅ ባዜቃ ያለበት የሙቀት መለኪያ ሰብሮ ነበር። ቁጣ የማያውቀው መምህራችን በአንድ ጊዜ ሁላችንንም አስወጣን። መስኮቱን ሁሉ ከፈተ፤ መጥረጊያ ይዤ ስገባ፣ «በመጥረጊያ ትበትኚዋለሽ» ብሎ ከእጄ ቀማኝ፤ በወረቀት እየዛቀ ማሰሮ ውስጥ ከደነው። ባዜቃ ሲተንና በሳንባ ሲገባ እንደሚከፋ፣ በልጅና በነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ እንደሚብስ የነገረን ያን ቀን ነው። አምፖል ውስጥ ያለው ከዚያ እጅግ ያነሰ መሆኑን አውቃለሁ። አነሰ ማለት ግን ይበላል ማለት አይደለም።

«ለዶሮ እንስጠው» አሉ አማቴ።

«እንቁላሉን ማን ሊበላው ነው?»

«ለአህዮቹስ?»

«ብርጭቆ አለበት፣ እማማ።»

«ወንዝ ይውሰደዋ!»

«ከታች ከብት ይጠጣል፤ ሰው ይቀዳል።»

ዱቄቱን ትተው እኔን ማየት ጀመሩ። «እህል ይፋረድሻል» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ፣ «የነፍስ አባታችን ይጠሩ። እርሳቸው ጣሉት ካሉ እኔ አፌን እይዛለሁ» አሉ።

ቄሱን ከደብሩ ቅጥር ውስጥ አገኘኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው እስከ ቤቴ መጡና ከደጃፉ ቆመው ዱቄቱን አዩት። አማቴ ነገሩን ሁሉ ነገሯቸው። ምንም አላዛቡም።

«ይገድላል ነው የምትዪው?» አሉኝ ቄሱ።

«አይገድልም፣ አባ። መጠኑ ከመርፌ ጫፍ አይበልጥም። ምናልባት ማንም አይታመም ይሆናል። ግን የት የት እንደገባ አላውቅም። ሳላውቅ ሰው አላበላም።»

«አንቺስ ትበዪዋለሽ?»

«አልበላም።»

«ልጅሽ ብትርባት?»

«አልሰጣትም።»

ወደ አማቴ ዞሩ። «እንግዲህ ራሷ የማትበላውን ለማርያም እንግዳ እንዴት ታቀርባለች? መሬት ሰጠች፤ ለመሬት ይመለስ።»

አማቴ እጅ ነሥተው መስቀላቸውን ተሳለሙና ከድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ጉድጓዱን ከቤቱ ጀርባ፣ ከጎመኑ መደብ ርቄ፣ እኔው ቆፈርኩ። አፈሩ ድንጋይ የበዛበት ስለነበረ እጄ ቆሰለ። ወገቤ እስኪደርስ አላቆምኩም። ትምህርት ቤት እንደማልገባ ለጎረቤት ልጅ ነግሬ ላክሁ። አፍንጫዬን በነጠላ አስሬ፣ ዱቄቱ እንዳይቦን ውኃ ረጨት አድርጌ፣ ከነአንሶላው ጠቅልዬ ጎተትኩት። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ ጨርቁንም አብሬ ጣልኩት። አማቴ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው ቆመው ነበር። አፈሩን ስመልስ ከአጥሩ ማዶ የምታልፍ ሴት፣ «ምን እየቀበራችሁ ነው?» ብላ ጠየቀች። «እህል» አልኳት። አማተበች።

ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። አላለቀም።

ሐሙስ ዕለት ማድቤት ጨው ስፈልግ ከገብሱ ማዳበሪያ ጀርባ በጨርቅ የተሸፈነ ቅል አገኘሁ። ስከፍተው ዱቄት ነው። ቄሱን ልጠራ በሄድኩበት ሰዓት አማቴ ገብተው ከዳር ዘግነውት ኖሯል። ስዞር ከበሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ለእናንተ አይደለም» አሉ። ድምፃቸው ላይ እፍረት አልነበረም። «ለራሴ ነው። ጋዝጊብላ ይዤው እሄዳለሁ። ከዳሩ ነው፤ ብርጭቆ አልደረሰበትም።»

«እማማ፣ ቄሱ ፊት ተስማምተን…»

«የማኅበሩን አልኩ እንጂ የራሴን አላልኩም። እኔ አርጅቻለሁ፤ ባዜቃሽ መጥቶ ይግደለኝ!» ከዚያ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡና ድምፃቸው ዝቅ አለ። «በሰባ ሰባት ከጉንዳን ጉድጓድ ጤፍ ለቅሜያለሁ። ሁለት ልጅ ይዤ ከቤቴ ወጣሁ። ባልሽን አዝዬው ነበር። ታላቋ በእግሯ ነበረች። እህል፣ እህል እያለች ከመንገድ ቀረች። ይኼ እጄ ያኔ ባዶ ነበር። ዛሬ ሞልቶ ሳለ አፈር ላይ ድፊው ትዪኛለሽ?»

ባለቤቴ እህት እንደነበረችው አላውቅም ነበር። በዚያች ሰዓት ቅሉን መልሼ ልከድነው ምንም አልቀረኝም። ያን የልጅ ልመና ለሰሙ ጆሮዎች መርፌ ጫፍ ስለምታህል መርዝ ማውራት ነውር መሰለኝ። ከተቆፈረው ጉድጓድ በላይ የከበደኝ ያ ጊዜ ነው።

ልጄ ከግቢው ሮጣ ገባችና እንደ ልማዷ ከአያቷ ጉልበት መካከል ገብታ አፏን ከፈተች። አማቴ ከቀሚሳቸው ኪስ ቆሎ አውጥተው አንድ በአንድ ያጎርሷት ጀመር። አፋቸው ውስጥ አላምጠው የለሰለሰውንም ሰጧት። አየሁ። ያኔ ልቤ ጠነከረ።

ከፊታቸው ተንበረከክሁ። «እማማ» አልኳቸው፣ «ብቻዎን የሚበሉት እህል መቼ አለዎት? ይቺ ከአፍዎ ነው የምትበላው። ክረምቱን ጋዝጊብላ እንድትከርም ተነጋግረን የለ?»

ከኪሳቸው ሌላ ቆሎ ዘገኑ።

«ይበሉት ካሉ እሺ፤ አሁኑኑ ይቦካ። እኔም አብሬዎት እበላለሁ፣ የመጀመሪያውንም እኔ እቆርሳለሁ። ልጅቷን ግን አስቀድሜ ወደ አባቷ እሰዳታለሁ፤ ያ ቅል ባለበት ቤትም አትከርምም።»

እጃቸው ከልጄ አፍ አጠገብ ቆመ።  እኔም ንግግሬ ምራት ለአማት የምትናገረው እንዳልሆነ አውቄ ቅጣቴን ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን ልጅቷን ወደ እኔ ገፋ አደረጓትና ተነሡ። እኔ ሳደርግ እንዳዩት አፍንጫቸውን በነጠላቸው አሰሩ። ቅሉን ያዙ።

«ዶማውን አምጪ።»

«እኔ ልቆፍር፣ እማማ።»

«አምጪ አልኩሽ!»

ራሳቸው ቆፈሩ። ከመድፋታቸው በፊት እንደ ወደቀ እንጀራ ሊስሙት ጎንበስ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩት። ቀና ብለው አዩኝና ተዉት። ቅሉንም ሰብረው ከተቱት። አፈሩን መልሰው ከረገጡ በኋላ በኽምጣና የተናገሩትን ሁሉ አልሰማሁትም። የሰማሁት አንድ ቃል «ልጄ» የሚለውን ነው፤ ለማን እንዳሉት አልጠየቅሁም።

ማኅበሩ በተረፈው ገብስ ንፍሮና ቆሎ፣ ቀድሞ በተጠመቀው ጠላ ዋለ። ጥግ የተቀመጡ ሴቶች ተጠቃቀሱ፤ አንዷም ድምጿን አውጥታ፣ «የአስተማሪ ማኅበር በንፍሮ ሆነ?» አለች። መልስ ሳዘጋጅ አማቴ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ዱቄቱን የቀበርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «መርዝ ገባበት፤ ቀበርኩት። ለማርያም መርዝ አላቀርብም። የራበው ንፍሮ ይጨመርለት።»

ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም።

እንዲያም ሆኖ ስሙ የወጣው ለእኔ ነው። ሰኞ ክፍል ስገባ ከኋላ ወንበር «ቀባሪዋ መጣች» ሲሉ ሰማሁ። በልቤ ተናደድኩ፤ ግን ቦርሳዬ ውስጥ አንድ የተቃጠለ አምፖል ነበረኝ። አወጣሁትና የዕለቱን ትምህርት ትቼ ስለ እርሱ አስተማርኩ። ከነጩ ፕላስቲክ እንጂ ከብርጭቆው እንዳይዙት፣ አጥፍተው ሳይቀዘቅዝ እንዳይነኩት፣ ከምግብና ከሕፃን መኝታ በላይ እንዳይሰቅሉት፤ ከተሰበረም ሰው አስወጥተው፣ በር ከፍተው፣ ቆይተው በወፍራም ወረቀት እንዲዝቁት፣ ብናኙንም በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ እንዳይጠርጉት። ያጠፋሁት እኔ ራሴ መሆኔንም ነገርኳቸው። ሳቁ። ከዚያ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ እነርሱ ቤት የተቃጠሉትን ታናናሾቿ እንደሚጫወቱባቸው ተናገረች። ሌላው፣ አባቱ ከሽንት ቤት ጉድጓድ እንደሚጥላቸው ነገረኝ።

ቀበሌ ሄጄ የተቃጠለው አምፖል የት ይጣል ብዬ ጠየቅሁ። የሚያድሉት ሰዎች የት እንደሚጣል አልተነገራቸውም። ርዕሰ መምህሩን ለምኜ ክዳን ያለው የብረት በርሜል ከመጋዘኑ ጀርባ አስቀመጥኩና ተማሪዎቹ በካርቶን ጠቅልለው እንዲያመጡ አደረግሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ለሕዝቡ እንድናገር ፈቀዱልኝ። ቆሜ ስናገር ግማሹ ሰማኝ፣ ግማሹ ወደ ቤቱ ሄደ። በሚቀጥለው እሑድም ቆምኩ።

በርሜሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞላ። የሚረከበው አልተገኘም። ለቀበሌውና ለወረዳው ደብዳቤ ጻፍን፤ የመጣ መልስ የለም። ደግሞ ጻፍን። ርዕሰ መምህሩ፣ «መቼ ነው የምትተዪው?» ሲለኝ ሁለተኛውን በርሜል እያጠብኩ ነበር።