መርሳ ላይ አትቁም

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። «የኋለኛው መኪና የፊተኛውን መቼ ይደርስበታል?» የሚለውን ጥያቄ ለተማሪዎቼ ስሠራ ኖሬ፣ በቀደም ራሴ የኋለኛው መኪና ውስጥ ተገኘሁ።

አብራኝ የምታስተምረው ሀያት ዝውውሯ ደርሶ፣ እኔ ክፍል ሳለሁ ከወልድያ ወደ ደሴ ተሳፈረች። ስልኳ ዝግ ነው። በሆዴ የከረመውን ሳልነግራት እንዴት ትሂድ? በሚኒባስ ተከተልኳት። አውቶቡሷ ግማሽ ሰዓት ቀድሞናል። እሱ በሰዓት ስድሳ ኪሎ ሜትር፣ እኛ ሰማንያ ብንሄድ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ደሴ መግቢያ ላይ እደርስባታለሁ። ካልቆምን ነው ታዲያ!

መርሳ ስንገባ ሾፌሩ እንደ ልማዱ ፍራፍሬ ሊያስገዛን ዳር ሊይዝ ሲል፣ «በናትህ አትቁም!» አልኩት።

«መርሳ ደርሶ ብርቱካን ሳይገዛ የሚያልፍ አለ እንዴ?» አሉ አጠገቤ የተቀመጡት እናት።

ለመንኳቸው። እያጉረመረሙ ተውልኝና አለፍን።

ውርጌሳ ስንደርስ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

«ሀያት ነኝ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ በብርቱካን ሻጯ ስልክ ነው የደወልኩት፤ ደግነቱ ቁጥርህን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሳልሰናበትህ መሄድ ወላሂ አላስቻለኝም። መርሳ ወርጄ የወልድያ መኪና እየጠበቅኩ ነው። ብርቱካንም ገዝቼልሃለሁ። የት ነህ?»