የቀኝ ጎማው ፍሬን

በ1990 ዓ.ም. ሁዳዴ ሊፈታ ሲቃረብ ነበር፤ ቤይሩት ላይ ብርቱካኑ ያበበበት ጊዜ። ዛሬ ልጄ ግቢያችን ውስጥ የታክሲውን ፍሬን ሲፈታ የዘይቱ ሽታ ወደዚያ መለሰኝ።

ያኔ ልጅ እግር የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን ከሳምኩ ዓመት አልፎኝ ነበር። የአሠሪዬ የማዳሜ አባት፣ የልጅ ልጆቻቸው ጂዶ፣ አያት፣ የሚሏቸው፣ ለሆሳዕና ተራራ ላይ ወዳለው የመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን በአሮጌ መኪናቸው ሊወስዱኝ ቃል ገቡልኝ። የፊት ቀኙ ካሊፐር፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨምቆ የሚያቆመው ብረት፣ ግን ተበላሽቶ ነበር።

ቅዳሜ መለዋወጫ የሚሸጥበትን የደክዋኔን ሰፈር ሱቅ ለሱቅ ዞርን። የመጨረሻው ባለሱቅ አንድ ካሊፐር አወጣ።

«ያላ ዓሞ፣ ይኸው አጎቴ!»

ጂዶ አገላብጠው አዩት። «ይሄ የግራ ነው። በቀኝ ከገባ ማስተንፈሻው ወደ ታች ይሆንና ዘይቱ ውስጥ የገባው አየር አይወጣም፤ ፍሬኑም አይዝም።»

«ቁልቁለቱን እየጸለያችሁ ውረዱ፣ ኸላስ!»

«ጸሎቱን እሷ ትችላለች። ፍሬኑ የእኔ ድርሻ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «የእናትሽ አደራ ነሽ፣ ልጄ።»

ብረቱን መለሱለት። ጉዞው ስለቀረ እያለቀስኩ ተከተልኳቸው። እንደ ልጃቸው ስላዩኝ ግን እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

በማግስቱ፣ በሆሳዕና ጠዋት፣ ነጠላዬን ለብሼ ወርጄ ሳይጠገን ደጅ በቆመው መኪና የኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ጂዶም መጥተው መሪው ጋ ገቡና ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ በአማርኛ፣ እሳቸው በዐረብኛ፣ አባታችን ሆይ ደገምን።